የለፋፊዋ ስልክ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ስልኬ ዛሬም ሦስት ጊዜ ጠፋ። አርባ በመቶ ባትሪ አለኝ ብሎ ይምልና ወዲያው ጭልም ይላል። አንዷ ደንበኛዬ የመስኮቷን ልክ ልካልኝ፣ ስከፍተው ጠፋ፣ ስከፍተው ጠፋ። ከጎኔ ብርድ ልብስ የምትሸጠው ሙርሺዳ «እትዬ፣ ይሄን ስልክ ጡረታ አውጪው፣ በአላህ!» አለችኝ። እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ መጋረጃ እየሰፋሁ እሱ በአምስት ዓመቱ ጡረታ አማረው!

ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። ስልክ ሠሪዎቹ ከዓመት ዓመት እያሳነሱት ጤፍ አሳከሉት። ሳምሪ «እቴቴ፣ ፎንቱን ላሳድግልሽ» ብላ አሳደገችው። አሁን አንዲት መልእክት ለማንበብ ሦስት ጊዜ መግፋት ሆነ።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ግን እንደ ወጉ ልጀምር። የአለምወርቅ እባላለሁ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤሪያ ሰፈር አንድ ፍላት ውስጥ ከእህቴ ልጅ ከሳምሪ ጋር እኖራለሁ፤ መሀል ከተማ መጋረጃ እሰፋለሁ። ከዚያ በተረፈ የዕድራችን ለፋፊ ነኝ። አገር ቤት ሰውዬው በየሰፈሩ ዞሮ ጥሩንባ ነፍቶ የሚሠራውን እኔ እዚህ በጣቴ እሠራዋለሁ። ሰው ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ሲሞት ሁለት መቶ አሥር ሰው የሚሰማው ከእኔ ነው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

የባለፈው ደብተሬ በአንድ ገጽ ሃያ መስመር ይይዝ ነበር። ይሄኛው ስምንት ሲሞላ ያልቃል። ወረቀቱም ጊዜውን መሰለ።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የዕድራችን አባል አምሃ እንደ ልማዱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ እናቱ ዘንድ ደወለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ስለሚውል እሁድ እሁድ ነው ምላሱ የሚፈታው። ድምፁን ለቆት ነበርና እማማ ከደብረ ብርሃን ሲጮኹ ሁላችንም ሰማን። «ያቺ መጋረጃ ሰፊዋ ደህና ናት? ብርድ እንዳይመታት ንገራት!»

አንድ ጊዜ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ሰላም ካልኳቸው ወዲህ ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም። በአካል አልተያየንም። «እማማ፣ እዚህ ሰኔ ዝናብ የለውም፣ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ነው» አልኳቸው። «ዝናብ የሌለው ክረምት ደግሞ ምን ዓይነት ነው!» ብለው ሳቁ።

አምሃ ስልኬን አገላብጦ አየው። «እትዬ፣ ስንቴ ስደውልልሽ ቆረጠብኝ። አትቀይሪውም?» አለኝ። እስኪሞት እጠብቀዋለሁ አልኩት።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጥድፊያ። ሁለት ጥንድ መጋረጃ ለነገ። መርፌ ሠሪዎቹም ከስልክ ሠሪዎቹ ተምረው ቀዳዳ መቆጠብ ጀምረዋል። ሙርሺዳ ሳልጠይቃት መጥታ ክሩን አስገባችልኝና ወደ ብርድ ልብሷ ተመለሰች። ስልኩ አንዴ ብቻ ጠፋ። ደህና ቀን ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ፣ ማታ

የአምሃ እናት ትናንት አረፉ።

ወንድሙ ለዕድራችን ሰብሳቢ ለጋሽ ኪዳን ደወለ፤ ጋሽ ኪዳን ለእኔ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ብርድ እንዳይመታት ያሉኝ ሴትዮ። ሳምሪ ሻይ አፍልታ አጠገቤ ተቀመጠች።

እንደ ደንቡ አምሃ ምንም መስማት የለበትም። እሁድ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሱቁን ሳይከፍት፣ ሰብሰብ ብለን ሄደን እናረዳዋለን። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ሰው እንዲኖር ነው። በሰው አገር ማንም መርዶውን ለብቻው አይሰማም። ዕድሩ ሲቋቋም መጀመሪያ የተስማማነው በዚህ ነው፤ መዋጮው እንኳ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሰዉን መጥራት የእኔ ሥራ ነው። ስልክ ላይ ሁላችንም ያለንበት ትልቅ ግሩፕ አለ። መርዶ ሲመጣ ደግሞ ሐዘንተኛው የማይገባበት ሌላ ግሩፕ እንከፍታለን። ሳምሪ አሁን ከፈተችልኝ። ነገ ጠዋት ሰው ሲነቃ እጽፍበታለሁ። አዲሱ ከላይ ስለሚሆን አልቸገርም። እኔ ግሩፖቹን በስማቸው ሳይሆን በቦታቸው ነው የማውቃቸው።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ታክሲ ውስጥ ተጣብቤ ጻፍኩ፤ «የአምሃ እናት አርፈዋል። እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ኮዝሞ ሲቲ እንገናኝ። እስከዚያ እንዳይሰማ፣ አደራ።» ላክሁ። ዝም አሉ። «ደርሷችኋል?» ብዬ ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሥራ ልግባ።

ሰኔ 19፣ ማታ

ምነው እጄን በቆረጠው። እጄን አልኩ እንዴ? ስልኩን ማለቴ ነው።

መልእክቱ የሄደው ወደ ትልቁ ግሩፕ ነው። አምሃ ወዳለበት።

ለካ እኔ ከመጻፌ በፊት አንዱ እዚያ ላይ የጠዋት ጸሎት ለጥፎ ኖሮ ትልቁ ግሩፕ ወደ ላይ ወጥቷል። ስልኬ እስከ ረፋድ አልበራ አለኝ። ሲበራ አርባ ሰው ደውሎልኛል።

አምሃ መልእክቱን ያየው አንዲት ደንበኛ ዳቦ እየጠበቀችው ሳለ ነው። ዳቦውን ሰጣት አሉ፣ መልሷንም ሰጣት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ደንበኛዋ አሮጊት ናት፤ ጎጎ፣ አያት እንደ ማለት፣ ነው የሚሏት። «ማይ ፍሬንድ፣ ምን ሆንክ?» ብላ በሩን አስከፍታው ገባች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። እኛ እስክንደርስ ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን ይዛ የቆየችው እሷ ናት። የእኛን ሥራ የሠራችው የሰው አገር ሴት ናት።

ስንደርስ ጋሽ ኪዳን ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ወይዘሮ የአለምወርቅ፣ እንዴት እንዲህ ሆነ?»

ስልኩን አወጣሁ። «በራሱ እኮ ይነካል ጋሽ ኪዳን። ጣቴን ሳላሳርፍ ይልካል።»

በዚያችው ቅጽበት ስልኩ ጭልም አለ። ምስክር ጠርቼ የመጣልኝ መሰለ። የከበቡን ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተረገመ ዕቃ!» አለ አንዱ።

አምሃም ሰምቶ ኖሯል። ከተቀመጠበት ቀና ብሎ «አይዞሽ እትዬ» አለኝ። እሱ እኔን!

ስልኩ ከዚህ በፊትም በራሱ ነክቶ ያውቃል። አንዴ ሳልደውልላት ሳምሪ ጋ ደውሏል። ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 22፣ እሁድ

የሐዘኑ አራተኛ ቀን። ዛሬ ሌሊት ነበር ልናረዳው ያሰብነው። በዚያው ሰዓት ነቃሁና ጣራ ሳይ ነጋ።

አምሃ አላለቀሰም። ለመጣው ሁሉ ይነሳል፣ ውሃ ያቀርባል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። ሁለት ሴቶች ማድቤቱ በር ላይ «እናቱ ሞታ! ወንድ ልጅ ምን ልብ አለው?» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ ልቆጣቸው ፈለግሁ። በምን አፌ?

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በራሱ እስኪነካ ጠበቅኩ። ሳምሪ ከሥራ ስትመለስ አፍጥጬበት አገኘችኝ።

«እቴቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«በራሱ ሲነካ ልታይልኝ ትችያለሽ?»

ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል ሁለታችንም ስናየው ቆየን። ድስት እንደምንጠብቅ። አንዴም አልነካም። ሲያዩት ጨዋ ነው።

«እቴቴ፣ መነጽር ብታደርጊስ?» አለችኝ። ስለ ስልክ እየተወራ መነጽር ምን አመጣው? ተቆጣኋት። አኩርፋ ተኛች። ጠዋት ይቅርታ እላታለሁ።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

የዕድር ስብሰባ ነበር። ጋሽ ኪዳን «የለፋፊያችን ስልክ አሳፍሮናል፣ አዲስ ይገዛላት» አለ። ሁሉም ተስማማ። ልነሳ ስል አምሃ ቀደመኝ።

«ዕድሩ አይግዛ» አለ። «እኔ እገዛላታለሁ። እኔ የደረሰብኝ በሌላ ሰው እንዳይደርስ።»

ሰዉ አጨበጨበ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። እኔ «አይሆንም፣ አይሆንም» አልኩ። ይሉኝታ መሰላቸው። «ተይ እንጂ እትዬ፣ አንቺ ደግሞ!» እያሉ አስቀመጡኝ።

እንዲህ ሆኖ ስልክ ይወሰዳል? የበሬ ወለደ ወሬ ነግሬ የወተቱን ጽዋ ልቀበል ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጋሽ ኪዳን ቤት ሄድኩ። ልነግረው። በሩ ላይ ቃሌን አስተካክዬ ነበር። ስገባ ግን «ሌላ ለፋፊ ፈልጉ፣ እኔ ደክሞኛል» ብቻ ወጣኝ።

«አንቺን የመሰለ ከየት ይመጣል! በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ እሱም በዕቃ ጥፋት! አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽን ያለምልመው።» ልናዘዝ ሄጄ ተመርቄ ተመለስኩ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አምሃ ስልኩን ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። ራሱ ነው የመረጠው። ሰፊ ነው፣ ጀርባው ሰማያዊ። «ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። ድምፁም ሰው የሚሰማው ነው» አለ። ሙርሺዳ «ማሻአላህ፣ ሙሽራ ነው እኮ!» ብላ አገላበጠችው።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ እስኪገለበጥ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አምሃ ሁለቱን ስልኮች ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ሰፋሁ፤ አስፈላጊ ስፌት አልነበረም። ቀና ስል አሮጌውን እያየ ነው። አልነካካውም፣ ብቻ ያየዋል።

«አምሃ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ። እሁድ እሁድ ብቻ ጣቴ ወደ ቁጥሯ ይሄዳል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ደንበኛ መጣ፣ መጋረጃ ለካሁ። ስጨርስ ሄዷል።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

አዲሱ ስልክ አንድም ቀን አልጠፋም። ጥሪ አልቆረጠም። በራሱ አልነካም። የሚወቀስበት የለውም። ፊደሉ ግን ያው ጤፍ ነው።

አንዲት ሴት መጋረጃዋን መለሰችብኝ። «ማማ፣ ሄሙ ጠማማ ነው» አለች፤ የታችኛውን እጥፋት ማለቷ ነው። ጨርቁ ባለመስመር ስለሆነ ዓይን ያታልላል አልኳት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሙርሺዳ ክር አስገባችልኝ። ዛሬ አራት ጊዜ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

እንደሆነው ልጻፈው።

ክሊፕታውን ሰፈር የሚነግደው አባላችን ዓብዩ ታላቅ ወንድሙ አገር ቤት ሞተበት። ጋሽ ኪዳን ማታ ደወለልኝ። ሳምሪ አዲሱን ግሩፕ ከፈተችልኝ፣ ወጥ ልታማስል ዞረች። እኔ ከላይኛው ላይ ጻፍኩ። መላኪያውን ልነካ ስል ሳምሪ ከኋላዬ ጮኸች።

«እቴቴ! ዓብዩ ያለበት ነው!»

እጄን ይዛዋለች። ከማማሰያው ወጥ ጠብ ጠብ ይላል። አንዱ ለካ በዚያች ደቂቃ ትልቁ ግሩፕ ላይ «ለፍልሰታ ያድርሰን» ብሎ ለጥፏል።

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሳምሪ የምትለውን ባለፈው፣ ስለ መነጽሩ፣ ብላ ጨርሳለች።

ይሄኛው ስልክ አዲስ ነው። ሁለት ቀን የሚቆይ ባትሪ አለው። በራሱ አይነካም።

ያኔም የነካሁት እኔ ነኝ። ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ስሙን ሳላይ፣ ከላይ ያለውን። የዚህን ገጽ መስመሮች ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ናቸው። ያነሰው ወረቀቱ ሳይሆን ያደገው የእጄ ጽሑፍ ነው።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ዓብዩን በደንቡ አረዳነው። ክሊፕታውን ገና ጨለማ ነበር። በሩን ስናንኳኳ ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው አየ፣ ወዲያው ገባው። ጋሽ ኪዳን ነገረው። ጮኸ፣ ወደቀ፣ ስምንት እጅ ያዘው። ሁላችንም አለቀስን።

አምሃም መጥቶ ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ዓብዩን ያያል። ሌላው ሲበላ በር ላይ የቆመ የተራበ ሰው ይመስል ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ዕቃዬን ለሙርሺዳ አደራ ሰጥቼ ኮዝሞ ሲቲ ሄድኩ። ሁለቱንም ስልክ ይዣለሁ። አምሃ በፍርግርጉ አይቶኝ በሩን ከፈተ።

«እትዬ፣ በደህና?»

«በደህና አይደለም። ስልክህን ልመልስ መጣሁ።» አዲሱን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። «ያኔ የላከው ስልኩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አላነበብኩም፣ ከላይ ያገኘሁትን ነካሁ። ያላነበብኩትም… አምሃ፣ ዓይኔ አያይልኝም። ዓመት አልፎታል። መጋረጃ ሰፊዋ ዓይኗ ጠፋ ከተባለ ማን ሥራ ያመጣልኛል ብዬ ደበቅሁ። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁህ።»

አምሃ የሱቁን ወለል አየ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መልእክቱን ካነበብኩ በኋላ ሌላ መጣ። ‹ደርሷችኋል?› የሚል። እትዬ፣ ስልክ በራሱ ነክቶ ይልካል እንበል። ደርሷችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያቺን ቃል በእጄ ጽፌያት፣ እዚሁ ደብተር ላይ አስፍሬያት፣ ረስቻታለሁ። ወይም ልረሳት ፈልጌያለሁ።

«እያወቅህ ስልክ ገዛህልኝ?»

«እናቴ በየእሁዱ ብርድ እንዳይመታት ትላት የነበረችውን ሰው በሰው ፊት ላዋርድ? ስልክሽም መቀየር ነበረበት፤ እሱስ እውነት ነው።» ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ግን አንድ ነገር ቀርቶብኛል፣ እትዬ። እሁድ ዕለት ዓብዩን ስታረዱት አየሁ። እኔን ማንም አልነገረኝም። አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም። ስትመጡ ሁላችሁም ሰምቷል ብላችሁ ተቀመጣችሁ። እስከ ዛሬ እናትህ ሞታለች ብሎ በአፉ የነገረኝ ሰው የለም። አንቺ ንገሪኝ።»

ደንበኛ ነበረ፤ ሸኘው። ሱቁን ዘጋ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሻርፔን እንደ ነጠላ አዘቅዝቄ ለበስኩና በሩን አንኳኳሁ።

ከፈተ።

«አምሃ» አልኩት። «እናትህ አርፈዋል። ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን፣ ማክሰኞ። ከእንግዲህ እሁድ አይመልሱልህም፣ ልጄ።»

«እማዬ!» አለ። ያን ግዙፍ ሰው ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ተያይዘን ተቀመጥን። ያ ሁሉ ሳምንት የደረቀው ዓይን እስኪበቃው አነባ። እኔም እማማን በስማቸው እየጠራሁ አለቀስኩ። ጎጎ ጩኸቱን ሰምታ ገባች፣ ሳጥኗን ገለበጠችና አጠገባችን ተቀመጠች።

ስመለስ አዲሱን ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት። መቼ እንደከተተው አላየሁም።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

መነጽሬን ዛሬ ወሰድኩ። ሳምሪ አብራኝ ሄደች። ሐኪሟ «እስከ ዛሬ እንዴት ሠራሽ?» አለችኝ። በሙርሺዳ ዓይን አልኳት።

ሙርሺዳ ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ አለ ለካ። ስነግራት «እትዬ፣ እንግዲህ ልታሚኝ ነው?» ብላ ሳቀች። የሰቀልኳቸውን መጋረጃዎች ሁሉ አየኋቸው። ስድስቱ ይፈታሉ። መርፌዬ ቀዳዳው እንደ ጥንቱ ነው።

ማታ ትልቁን ግሩፕ ፈለግሁ። ከላይ ሦስተኛው ነበር። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጻፍኩ፤ «የአምሃን መርዶ እዚህ የላከው ስልኬ አይደለም። እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ ያንን ደብቄ ዋሸኋችሁ። አምሃን በአካል ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እናንተንም እጠይቃለሁ። ሌላ ለፋፊ ብትመርጡ አልቀየምም። የአለምወርቅ።»

ላክሁ። ዝም አሉ። ሳምሪ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አብራኝ ታያለች። ሁለት መቶ አሥር ሰው ዝም ሲል ድምፅ አለው።

«ደርሷችኋል?» ብዬ ጨመርኩ።

መጀመሪያ የመለሰው አምሃ ነው። ያለ ማንም እርዳታ አነበብኩት።

«ደርሶኛል፣ እትዬ።»